«ሸሪሓ» እና «ቴሌ»፦ የገበያ ውድድርና የቃላት ታሪክ በገዳሪፍና በመተማ

ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ከሰሊጥና ከማሽላ ጋር ቃላትም ይሻገራሉ። የሞባይል ስልክ ቃላት ግን በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ገበያዎቹ የተከፈቱት በተለያየ ጊዜ ነውና።

በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው ሞቢቴል ለስምንት ዓመታት ያህል ተፎካካሪ አልነበረውም። በ2005 አሪባ፣ በ2006 ሱዳኒ ተከተሉ። ሞቢቴልም በ2007 ዘይን ተባለ። እንግዲህ «ሸሪሓ» (ሲም ካርድ ማለት ነው) ሲባል «የየትኛው ድርጅት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

በኢትዮጵያ ከ1999 ጀምሮ አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ብቻ ስለ ነበር «ቴሌ» ድርጅቱንም መሥሪያ ቤቱንም መስመሩንም ይጠራ ነበር። ተፎካካሪው ገና ሳይገባ መዋዕለ ንዋዩ ተፋጠነ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ጨረታውን ባሸነፈበት በሜይ 2021 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ በሜይ 2022 የአምስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ በአዲስ አበባ አስተዋወቀ። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ የከፈተው ግን በኦክቶበር 2022 ነው።

«ቴሌ» ከአገልግሎት ስምነት ወደ አንድ ድርጅት ስምነት መጥበብ የጀመረው ከዚህ ወዲህ ይመስለኛል። የመተማን የንግድ ቃላት የሚሰበስብ ሰው ሁለቱን ፍቺዎች ከነዘመናቸው ለይቶ ሊመዘግብ ይገባዋል።