ማገጥ እንዴት አረም ሆነ፦ የግቢ ሣር አረማ ታሪክ

ሣርን ለከብት ሳይሆን ለዓይን ብሎ ማሳደግ፣ ከአረም እየጠበቁም ማቆየት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መኳንንት ግቢ የተስፋፋ ልማድ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመኖሪያ ቤት ፊት ለጥ ያለ ሣር መዘርጋት የሀብት ማሳያ ነበር፤ ጥሩ መሬት ይዞ እህል ሳይዘራበት የሚያድር ሰው ባለጸጋ ብቻ ነውና። ከቤቱ ራቅ ያለውን መስክ በጎች ይግጡታል፤ ደጃፉን ደግሞ ሠራተኞች ጤዛው ሳይደርቅ በእጀ ረጅም ማጭድ ያጭዱታል። የአረሙ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዘመን የተያዘው የሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት የወጪ መዝገብ የአትክልት ቦታውን እያረሙ በቀን ሒሳብ ይከፈላቸው የነበሩ ሴቶችን ይጠቅሳል። የግቢ ነዳፊዎቹ ስም እስከ ዛሬ ሲነሣ፣ ጎንበስ ብለው ያረሙት ሴቶች ግን ከመዝገቡ ውጭ አስታዋሽ የላቸውም።

ሣር በተራው ሰው ደጃፍም እንዲበቅል ያደረገው ማሽን ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ስትራውድ በተባለችው የጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ፣ የሱፍ ጨርቅን ፀጉር የሚከረክም መሣሪያ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1830 የሣር ማጨጃ ፈለሰፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማጨጃው ሥራውን ቢያቀልም ያልታሰበ መዘዝ አመጣ። አዘውትሮና አሳጥሮ የሚታጨድ መስክ ቀጥ ብለው የሚያድጉ አረሞችን ያጠፋል፤ ቅጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈው የሚኖሩትን ግን ስለቱ አይነካቸውም። ዴዚ፣ ጎርተብና ቢጫ አበባው ዳንዴሊዮን በዚህ መንገድ የሣር ግቢ ዋና እንግዶች ሆኑ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ላብ ያስፈሰሰው ዳንዴሊዮን ነው። ሥሩ እንደ ካሮት ወፍራምና ጠልቆ የሚወርድ ሲሆን፣ ሲጎትቱት አንገቱ ላይ ይበጠሳል፤ አፈር ውስጥ የቀረው ቁራጭም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንዳንዴም አንድ ራስ የነበረው ሁለትና ሦስት ራስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጫፉ እንደ መንታ ሹካ የተሰነጠቀ ቀጭን ብረት ተሠራለት። ብረቱን ከሥሩ ጎን አጥልቆ መሰካት፣ ከዚያ እጀታውን ወደ መሬት ተጭኖ ሥሩን ሳይበጥሱ ፈንቅሎ ማውጣት ነው። ይህ መሣሪያ ዛሬም ይሸጣል፣ ቅርጹም እምብዛም አልተለወጠም። ከእጅ ሥራው ጎን ለጎን በእንግሊዝ አገር አሸዋን ከአሞኒየም ሰልፌትና ከአይረን ሰልፌት ጋር ቀላቅሎ መበተን ተለመደ። ድብልቁ ዝርግ በሆነው የአረም ቅጠል ላይ ያርፍና ያቃጥለዋል፤ ከቀጭኑና ከቆመው የሣር ቅጠል ላይ ግን ተንሸራቶ ይወርዳል። ሣሩን ሳይጎዱ አረሙን ብቻ የመለየት ሐሳብ በተግባር የታየው በዚህ ቀላል ዘዴ ነው።

ልማዱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሣሩንም አረሙንም ይዞ ነው። ዳንዴሊዮንን አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ለምግብና ለመድኃኒት ብለው ወሰዱት፤ ነጩ ማገጥም ለከብት መኖ አብሯቸው ተሻገረ። ከዘመናት በኋላ በየከተማው የግቢ ሣር ሲስፋፋ ማገጥ እንደ ጠላት አልታየም። እንዲያውም ነጋዴዎች ከሣሩ ዘር ጋር ሆን ብለው ይቀላቅሉት ነበር። ምክንያትም ነበራቸው፦ በማገጥ ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፣ አፈሩም ከዚህ ይጠቀማል። በድርቅ ጊዜ ሣሩ ሲጠወልግ ማገጥ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ለሌለው ባለቤት ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ለሣሩ አይገኝም ነበር።

ሣር መሳዩ አረም፣ በተለይ ክራብግራስ የሚባለው የበጋ ወራሪ፣ ሌላ ጣጣ ነበር። ይህን ለማጥፋት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአርሴኒክ ውህዶች በየግቢው ተረጩ፤ ልጆች የሚንከባለሉበት መስክ ላይ መርዝ መሆኑ የታወቀ ነገር ተበተነ ማለት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርምር ነው። ፍሪትስ ቬንት የተባለው ሆላንዳዊ በ1920ዎቹ ዕፅዋት የሚያድጉበት ሆርሞን መኖሩን አሳይቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህን ሆርሞን የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ውህዶች በብዛት ሲሰጡ ተክሉን እንደሚገድሉ ደረሱበት፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እዝራ ክራውስም የጠላትን ሰብል ለማውደም እንዲሞከር ሐሳብ አቀረቡ። ለዚያ ዓላማ ሳይውል ጦርነቱ አበቃ። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ግን፣ በ1944፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ፖል ማርትና ጆን ሚቼል፣ ከእነዚህ ውህዶች አንዱ የሆነው ቱ ፎር ዲ በሣር መስክ ላይ ሲረጭ ዳንዴሊዮኑን ገድሎ ሣሩን እንደሚተው አሳተሙ። የተረጨው ዳንዴሊዮን በሰዓታት ውስጥ ግንዱና ቅጠሉ ይጠማዘዛል፤ ልክ ያጣ እድገት ውስጡን ያዛባዋል፤ በጥቂት ሳምንታትም እስከ ሥሩ ይደርቃል። ሣር ግን መድኃኒቱን በሰውነቱ ውስጥ እምብዛም አያዘዋውረውም፣ የገባውንም ይሰባብረዋል። በ1945 ውህዱ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ።

ቱ ፎር ዲ ግን ዳንዴሊዮንን ከማገጥ አይለይም። ሁለቱም ቅጠለ ሰፊ ናቸው፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። የመድኃኒቱ ሻጮች ይህን ጉድለት ከመናገር ይልቅ ማገጥን ራሱን በአረም ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ጊዜውም ተመቻቸላቸው፤ በ1947 በሎንግ አይላንድ መገንባት እንደጀመረችው ሌቪታውን ያሉ ሰፈሮች በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቤቶችን ከነሣራቸው ይሸጡ ነበር፣ ገዢውም ሣሩን በየሳምንቱ የማጨድ ግዴታ ነበረበት። ጎረቤት የጎረቤቱን ደጃፍ በሚቆጣጠርበት ሰፈር ማገጥ የስንፍና ምልክት ተደረገ። ማገጥ ሲጠፋ ነፃው ናይትሮጅንም አብሮ ስለጠፋ ቦታውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ተካው፤ ማዳበሪያና ፀረ አረም በአንድ ከረጢት ተቀላቅሎም ይሸጥ ጀመር። በግቢ ሣር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አትራፊ ስህተት ተፈጽሟል ለማለት ያስቸግራል።

ተቃውሞው ቀስ ብሎ መጣ። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው «ጸጥተኛው ጸደይ» መጽሐፏ ክራብግራስን ለማጥፋት የሚረጨውን መርዝ ተቸች። በቬትናም ጦርነት የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ቱ ፎር ዲ መሆኑ የውህዱን ስም ይበልጥ አጠፋው፤ በዳይኦክሲን ተበክሎ ብዙውን ጉዳት ያደረሰው ግን ሌላው ግማሽ፣ ቱ ፎር ፋይቭ ቲ ነበር። በካናዳ ሃድሰን የተባለች የኩቤክ ትንሽ ከተማ በ1991 ለጌጥ ሲባል ፀረ ተባይና ፀረ አረም መርጨትን ከለከለች። ሣር ተንከባካቢ ኩባንያዎች ከሰሷት፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ለከተማዋ ፈረደላት። ኦንታሪዮ ክልልም በ2009 ተመሳሳይ ክልከላ በሥራ ላይ አዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ቱ ፎር ዲን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ተርታ መደበው።

በኢትዮጵያ ይኸው መድኃኒት የሚታወቀው በግቢ ሣር ሳይሆን በስንዴና በጤፍ ማሳ ነው። ሁለቱም ሰብሎች የሣር ዘመድ ስለሆኑ በወቅቱና በልኩ ሲረጭ ይተርፋሉ፤ ለገበሬው ጥያቄው የእንጀራ እንጂ የጌጥ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ግን ነገሩ የደጃፍ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2015 በግል ግቢ ሣር ላይም ለጌጥ ብቻ ኬሚካል መርጨትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ2017 አንድ ፍርድ ቤት ሕጉን በከፊል ሻረው፤ በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት መልሶ አጸናው። እርሻና የጎልፍ ሜዳ ከክልከላው ውጭ ናቸው፤ ባለቤቱ በእጁ የሚነቅለውን አረም ደግሞ የሚከለክል ሕግ የለም።