የሊቃውንት ቃል በሕዝብ ጆሮ

ሙያ ሁሉ የራሱ ቃል አለው። ሐኪሙም የሕግ ዐዋቂውም ከባልንጀራው ጋር ሲነጋገር በአንዲት ቃል ብዙ ነገር ይግባባል፤ ያችው ቃል ወደ አደባባይ ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ሆና ትሰማለች። የዚህን ነገር ጉዳት በአገራችን ታሪክ ለመመርመር የሚወድ ሰው ከማክሰኝት ብዙ ሳይርቅ ወደ ደንቀዝ ይሂድ፤ የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በዚያ ይታያልና።

ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መምህራን ትምህርት የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1626 ዓመት በደንቀዝ፥ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴስ ፊት በአደባባይ ማሉ። የክርክሩም ሥር «ባሕርይ» የምትባል ቃል ነበረች። ይህች ቃል በግእዝ ዕንቍም ትባላለች፤ በመምህራን ጉባኤ የነገሩን ምንነት ታመለክታለች፤ በተራው አማርኛ ግን የሰው ጠባይ ናት። «አካል»ም እንዲሁ ነው፤ ሊቁ «እኔ» የሚለውን ህልው ሲል፥ ሌላው ሰው ሥጋንና አጥንትን ይሰማል። ሮማውያን «ሁለት ባሕርይ» ሲሉ አካሉን አንድ ይሉ ነበር፤ በእኛ መምህራን ዘንድ ግን ባሕርይ ያለ አካል አይቆምምና ነገሩ ክርስቶስን ለሁለት መክፈል ሆኖ ተሰማ። ሊቃውንቱ እንኳ በአንዲት ቃል ሁለት ነገር ከሰሙ፥ ዐዋጁን በገበያ የሰማው ሕዝብ ምን ሊሰማ ኖሯል?

እርግጥ ነው፤ ጠቡ የቃል ብቻ አልነበረም። ካህናቱን ዳግመኛ መሾም፥ ሕዝቡን ዳግመኛ ማጥመቅ፥ የቀዳሚት ሰንበትን ማክበር መከልከል ለማንም የተገለጸ ነገር ነበረና ቍጣውን አነደደው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ።

ይህች ቃል ያጣላችው አገራችንን ብቻ አይደለም። በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በእርሷ ተለያይተው ኖረዋል። በ1990 የሁለቱ ወገን መልእክተኞች በስዊስ አገር በሻምቤዚ ተሰብስበው፥ ሁለቱም አንዱን እምነት እንደ ጠበቁ፥ ቃሉን ግን በልዩ ልዩ መንገድ እንደ ተናገሩበት መሰከሩ። ይህን ለመናገር ከ1500 ዓመት በላይ ፈጀ።

መድኀኒቱ ከአባቶቻችን ዘንድ አለ። የጎንደር መምህራን የግእዙን ንባብ ካነበቡ በኋላ «አንድም» እያሉ በአማርኛ ይፈቱታል፤ ቃሉን ሳይተረጕሙ አያልፉም። እንግዲህ መምህርም ሹምም ሐኪምም ለሕዝብ ሲናገር ይህን ሥርዐት ይያዝ። ከመፍረዱ አስቀድሞ ቃሉን ይፍታ፤ ያልተፈታ ቃል ሰሚውን ያሳስታል፥ ተናጋሪውንም ያስጠላልና።