የተቆጠረልንና ያልተቆጠረልን ትምህርት

ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችን አንዷ “በዚህ ዕድሜዬ ከአካውንቲንግ ወጥቼ፣ ኮሌጅ ቀይሬ ኮምፒውተር ሳይንስ ብማር ይስቁብኛል?” ብላ ጠይቃን ነበር። የሳቀ አልነበረም። መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፤ አቋርጦ፣ አርፍዶና ተዛውሮ መማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ የሚማሩበት የማታ ክፍል ተጨመረበት። በ1954 ዓ.ም. ለየብቻቸው የነበሩት ኮሌጆች፣ የዓለማያው የእርሻና የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጭምር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገቡ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ገጠር ወጣ። ወደ ክፍል የተመለሰውም ዕድሜ ጨምሮ ነው።

የእኛ ትውልድ መሰላል ሌላ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ1993 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ መሰናዶ ያልገባነው በ10+1፣ 10+2 እና 10+3 ሄድን፤ ቀጥሎ ሌቭልና ሲኦሲ መጣ። በዚያ መንገድ የተገኘው ዲፕሎማ ለሥራ በቅቷል። ለዲግሪ ሲሆን ግን ከተማርነው ስንቱ እንደሚያዝልን የሚወስነው ተቀባዩ ተቋም ነው። አንዷ አባላችን በርቀት ጀምራ ነበር፤ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን ሲያግድ ሞጁሏን አልጋ ሥር አስቀመጠች። እገዳው ላላ ሲባል ኮሌጅ ቀየረች፣ ከሁለት ዓመት ትምህርቷም ሦስት ኮርስ ብቻ ተቆጠረላት። ያን ዕለት ስታለቅስ አይተናታል፤ የከፈለችው ከእንቁላልና ከጠላ ሽያጭ የተጠራቀመ ገንዘብ ነበርና።

ለኮምፒውተሩ ግን እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ባዶ እጃችንን አይደለንም። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የነጠላ ምዝገባ በጥምር ምዝገባ ሲተካና አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ፕሮግራም ሲመጣ፣ ዴቢትና ክሬዲቱን ለማሽን ማስረዳት ለምደናል። በአሜሪካ ግሬስ ሆፐር የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ የባሕር ኃይልን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1943 ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷት ሲሆን፣ ኮምፒውተር የነካችውም ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለንግድና ለሒሳብ ሥራ የታሰበው ኮቦል የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሲወጠን ቀድሞ የሠራችው ሥራ መሠረት ሆኖታል። የደመወዝ ሠንጠረዥ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይመስለንም።

ዛሬ መንገዱ አጥሯል። ያኔ ከጋይንት ለዲግሪ የሚወጣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ያስብ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግን በዚያው በወረታው መንገድ ላይ ነው። የቴክኖሎጂ ክፍሉም የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበትን የጋፋትን ስም ይዟል።

አንድ ነገር ግን ለጠያቂዋ እህታችን በግልጽ እንንገራት። ከአካውንቲንግ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ሲዛወሩ በአብዛኛው የሚያዘው እንግሊዝኛውና የጋራ ኮርሱ ነው፤ ፕሮግራሚንጉ ከሀ ይጀመራል። በዚህ አትዘኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም የዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ያልተማሩትን ማስቆጠር እዚያ ላይ ያጋልጣል። ከመመዝገብሽ በፊት የሚያዝልሽን ኮርስ በጽሑፍ አስፈርሚ፣ የቀድሞው ኮሌጅሽ ትራንስክሪፕትሽን በቀጥታ እንዲልክልሽ ጠይቂ። የምዝገባው ብር ካነሰሽም የኅዳር ዙር ብድር ገና አልተከፈለም፤ ሣጥኑ ክፍት ነው።