ደወል ያስደወለው አቶም

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1955 መጀመሪያ፣ ግዛቱ ካሊፎርኒያ፣ ከተማው በርክሌይ ነው። አልበርት ጊዮርሶ፣ ግሌን ሲቦርግ፣ ስታንሊ ቶምፕሰን፣ በርናርድ ሃርቪና ግሪጎሪ ቾፒን የሚባሉ አምስት ሰዎች በተፈጥሮ የሌለ ነገር፣ 101ኛውን ንጥረ ነገር እንሠራለን ብለው ተነሡ።

ጥሬ ዕቃቸው አይንስታይኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ነበር። በእጃቸው ያለው አንድ ቢሊዮን ያህል አቶም ብቻ። ብዙ መሰላችሁ? በዓይን አይታይም፣ ሚዛንም አያነሣውም! ይህችኑ በስስ የወርቅ ሉህ ጀርባ ላይ ለበጧት፤ ከዚያም ሳይክሎትሮን በተባለ ቅንጣት አፍጣኝ መሣሪያ የሂሊየም ኒውክሊየስ አዘነቡባት። አዲስ አቶም ሲወለድ በምቱ ኃይል ተፈናጥሮ ከኋላ የተደገነ ሌላ የወርቅ ሉህ ላይ ያርፋል።

ከዚህ በኋላ ሩጫ ነው። የተወለደው ነገር ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 77 ደቂቃ ነውና ማን ይቆማል! ሉሁን ይዘው ወደ ጊዮርሶ ቮልስዋገን ዘለው ይገባሉ፤ መኪናዋ ዳገቱን ወደ ላይኛው ላቦራቶሪ ትወጣለች። እዚያ ወርቁ በአሲድ ይሟሟል፣ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ይጣራል፣ ጠብታ በጠብታ ይለያል፣ ይደርቃል፣ የአቶም መሰንጠቅን የሚመዘግብ ቆጣሪ ሥር ይገባል። ከዚያ ጥበቃ።

አዲሱ አቶም ፈርሚየም ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ፈርሚየሙ ደግሞ በራሱ ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል። መሰንጠቁን የሚያበሥረው ምን መሰላችሁ? ጊዮርሶ ቆጣሪውን ከሕንፃው የእሳት አደጋ ደወል ጋር አገናኝቶት ኖሯል። በሌሊት ጸጥታ መካከል ደወሉ ጮኸ፤ ሰዎቹም ጮኹ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግን ጨዋታው አልጣማቸውም፤ ደወሉ እንዲነቀል አደረጉ። እኔን ከጠየቃችሁ እውነት አላቸው።

በተደጋጋሚ ሙከራ የተገኘው በጠቅላላው 17 አቶም ነው። ከዚያ በፊት አንድም ንጥረ ነገር አቶም በአቶም እየተቆጠረ አልተገኘም።

ስሙንስ? ሜንዴሌቪየም አሉት፤ በሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ ስም። ቀዝቃዛው ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን ይህን ስም ለመስጠት ሲቦርግ የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ሜንዴሌየቭ ግን ክብሩ ይገባዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1869 የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሲያወጣ ገና ላልተገኙት ንጥረ ነገሮች ቦታ የተወላቸው እርሱ ነው።

ዛሬ ከሚታወቁት ዓይነቶቹ ረጅሙ ዕድሜ ያለው ሜንዴሌቪየም-258 ሲሆን ግማሽ ዕድሜው 51 ቀን ገደማ ነው። በብረታ ብረት መልኩ በዓይኑ ያየው ሰው እስካሁን የለም፤ ከምርምር በቀር ሌላ ሥራም የለውም።