ቤት (ቃል)

ቤት በአማርኛ በቅድሚያ ሰው የሚኖርበት፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው መጠለያ ነው። ቃሉ በግእዝም የሚገኝ ሲሆን ሥሩ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው፤ ዕብራይስጥ ባይት፣ ዐረብኛ በይት፣ ጥንታዊው አካድኛ ቢቱ ይለዋል። «በ» የተባለው ፊደልም በግእዝ ስሙ ቤት ነው፤ የጥንት ቅርጹ የቤት ሥዕል ነበርና።

ከመጠለያነት ወጥቶ ቃሉ ሥራ የሚሠራበትን ቦታ ሁሉ ይሰይማል፦ ፍርድ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ማተሚያ ቤት። ወገንንና ትውልድንም ይጠራል፦ ቤተ ሰብ፣ ቤተ ዘመድ፣ ቤተ እስራኤል። ባለቤት ደግሞ የንብረት ጌታም፣ የትዳር ጓደኛም፣ በሰዋስው የዓረፍተ ነገሩ አድራጊም ነው። በሒሳብ አንድ ቤት፣ አሥር ቤት፣ መቶ ቤት እያልን የቁጥርን ስፍራ እንለያለን።

ቃሉ ከሁሉ ይበልጥ የሰፋው ግን በአብነት ትምህርት ነው። ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። በግእዝ ግስ አንድ ዓይነት እርባታ ያላቸው ግሶች በአንድ አለቃ ሥር ያድራሉ፦ ፈጸመ የቀደሰ ቤት ነው። በቅኔም እያንዳንዱ ስንኝ ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት አለው። የስንኝ መጨረሻ ሲገጥም ደግሞ «ቤት መታ» እንላለን። የዐረብኛው በይትም የግጥም መስመር ማለት መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ዝምድና ነው።

ይህን የሊቃውንት አነጋገር ሕያው አድርገው ካቆዩት አገሮች አንዱ ጋይንት ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በዚሁ በጋይንት ምድር ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ይህን የዜማ መጽሐፍ የዘለቀ ተማሪ ለመምህርነት የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። በስሟ የሚጠራው የአዜማም ስልት የቤተ ልሔም ቤት ነው። ስሟ በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ሲሆን በዐረብኛው «የሥጋ ቤት» ይሆናል፤ ላሕም በአንዱ ምግብ፣ በሌላው ሥጋ ነውና። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሕንፃም ራሱ ቤት በቤት ውስጥ ነው። ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም በ1955 እ.ኤ.አ. እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው የሣር ክዳን ያለው ክብ ሕንፃ ነበር፤ ውስጡ ሲገባ ግን አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በኋላ የተሠራው ክቡ ሕንፃ ጥንታዊውን ከዝናብና ከፀሐይ ጋርዶ አቆይቶታል።

ከመነሻው እጅግ የራቀው ፍቺ በዕለት ንግግር ይሰማል። «በሱ ቤት ማንም አላየውም» ሲባል ስለ መኖሪያው አይደለም፤ በግምቱ፣ በራሱ አሳብ ማለት ነው።