ማር፥ ሰምና ጧፍ

በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ ማለት በፈረንጆች ቁጥር በ2017፥ የዘፈኖችን ተራ በየሳምንቱ እየቈጠረ የሚያወጣው «ቢልቦርድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሁለት እንግዶችን በላይኛው ወንበር አስቀመጠ። አንደኛው የፖርቶ ሪኮዎቹ የሉዊስ ፎንሲና የዳዲ ያንኪ «ዴስፓሲቶ» የተባለው ዘፈን ነው፤ ሁለተኛው በቅጽል ስማቸው ቴዲ አፍሮ የሚባሉት የአቶ ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም ነው።

ወንበሩ ግን አንድ አይደለም። «ዴስፓሲቶ» አንደኛ የሆነው በጠቅላላው የዘፈን ሰንጠረዥ ነው፤ በዚያም 16 ሳምንት ተቀመጠ። አብዛኛው ቃሉ በእስፓኝ ቋንቋ የሆነ ዘፈን ከዚያ ሲደርስ በፈረንጆች ቁጥር በ1996 ከነገሠው ከ«ማካሬና» ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ይሁን እንጂ በጥር የወጣው ዘፈን ከሁሉ በላይ የሆነው፥ በሚያዝያ ጀስቲን ቢበር የእንግሊዝኛ ቃል ከጨመረበት በኋላ ነው፤ እንግዳው በቤቱ ልጅ እጅ ተይዞ ገባ ማለት ነው። «ኢትዮጵያ» ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ወጥቶ አንደኛ የሆነው «የዓለም አልበሞች» በሚባለው አነስተኛ ሰንጠረዥ ነው። ይህም የሚቈጥረው በአሜሪካ የተሸጠውን እንጂ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የተሸጠውን አይደለም። ስለዚህ ክብሩን የሰጡት በአብዛኛው በባዕድ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች ለጣና ዳር ሰው እጅግ የሚቀርበው «ማር እስከ ጧፍ» ነው። የተነሣውም ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ጽፈው በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩ ነበሩ። በመጽሐፉ ያለው በዛብህም እናቱና አባቱ ለቤተ ክርስቲያን በስእለት የሰጡት፥ ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ የገባ፥ ቅኔ ያወቀ ደብተራ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ በፍቅርዋ ተያዘ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ካነበቡት ወዲህ ፊደል ያልቈጠረው እንኳ ታሪኩን ሰምቶታል። ቢበር ለፎንሲ የሆነውን ለአቶ ቴዎድሮስ የሆኑት ሐዲስና ወጋየሁ ናቸው።

የርእሱን አሠራር ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ቶሎ ያገኘዋል። መጽሐፉ ከ«ፍቅር» ተነሥቶ በ«መቃብር» ይቆማል፤ ዘፈኑ ከ«ማር» ተነሥቶ በ«ጧፍ» ይቆማል። በማርና በጧፍ መካከል ያለው ሰም ነው፤ እርሱ ግን አልተጠራም። ከዘጌ እስከ ክብራን ባሉት የጣና አብያተ ክርስቲያናት፥ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፥ ነገሩ የታወቀ ነው፤ ማሩ ከሰፈፉ ይለያል፥ ሰፈፉ ቀልጦ ተጣርቶ ሰም ይሆናል፥ ሰሙም የጥጥ ፈትል ሲለበጥበት ጧፍ ይሆናል። ጧፉ በማኅሌት ይበራል፤ በፍትሐትም ጊዜ በሙት ፊት ይበራል። እንግዲህ «ማር እስከ ጧፍ» ማለት ከጣዕም እስከ ፍትሐት፥ ይኸውም በሌላ ቃል ፍቅር እስከ መቃብር ማለት ነው። ባለቅኔ ሰሙን በፊት አቁሞ ወርቁን ይሰውራል፤ በዚህ ርእስ ግን የተሰወረው ሰሙ ራሱ ነው። የዘፋኙ አሳብ እስከዚህ ደረሰም አልደረሰ ቃሉ ይደርሳል፤ ዘፈን የማይወዱ ሊቃውንትም ቢሆኑ ይህን አሠራር ሊንቁት አይገባም።

በአገር ውስጥ የአልበሙ ዕድል እንደ ውጭው አልቀናም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊደረግ የነበረውን ምረቃ ፖሊስ አስቀረው፤ ለአዲሱ ዓመት የታሰበውም ዝግጅት ፈቃድ አጥቶ ቀረ። አቶ ቴዎድሮስ በጥር 2010 ዓ.ም. መድረክ ያገኙት በባሕር ዳር ነው። ይህች ከተማ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ለተቃውሞ ከወጡት ልጆችዋ ብዙዎቹ በጥይት የወደቁባት ናት፤ ከዚያም በኋላ ከመስከረም 2009 እስከ ሐምሌ መጨረሻ፥ እንደ አገሩ ሁሉ፥ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ቈይታለች። በዚያ በጥር ወር ብዙ ሺህ ሕዝብ ዘፈን ሊሰማ ተሰበሰበ። ከሐዘኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር።