ጠያቂው ማን ነው ሳይባል

የለንደኑ መጽሐፍ ነጋዴ ጆን ደንተን አንድ ቀን ከወዳጆቹ ጋር በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳ ሲንሸራሸር ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለለት። አሁን የመጣልኝን ሐሳብ በሃምሳ የወርቅ ጊኒ አልለውጠውም አላቸው። ወዳጆቹ ፈገግ ብለው ንገረን እያሉ ቢወተውቱትም ትንፍሽ አላለም።

ይህን ራሱ በ1705 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰሞን ውስጥ ውስጡን የሚያብሰለስለው ከባድ በደል ደርሶበት ነበር። የሃምሳ ጊኒው ሐሳብም ከዚያ ጭንቀት የተወለደ ነው፤ ጠያቂው ተሰውሮ፣ መልሱ ግን ሁሉም እንዲያነበው በአደባባይ የሚሰጥበት ጋዜጣ ማውጣት።

ጋዜጣው መጋቢት 17 ቀን 1691 ወጣ። ፊትና ጀርባው የታተመ አንድ ቅጠል ወረቀት ሲሆን፣ ዋጋው አንድ ፔኒ፣ የሚወጣውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር። ብዙም ሳይቆይ «አቴኒያን መርኩሪ» ተባለ። ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው፤ ጳውሎስ አዲስ ነገር ለመስማት ከሚጓጉት የአቴና ሰዎች ጋር ከተገናኘበት ታሪክ።

ጥያቄ ለመላክ ምን ያስፈልግ ነበር? ወረቀት፣ ቀለምና አንድ ፔኒ። ዊልያም ዶክራ በ1680 ለንደን ውስጥ የፔኒ ፖስታን አቋቁሞ ነበር። በየሰፈሩ ደብዳቤ የሚቀበሉ ሱቆች ነበሩ፤ ላኪው አንዲት ፔኒ ከፍሎ ይሰጣል፣ ፖስተኛውም በቀን ደጋግሞ ያመላልሳል። ደንተን ጥያቄው ሁሉ በስቶክስ ገበያ ወዳለው የስሚዝ ቡና ቤት እንዲላክ አስነገረ። መልሱ በነጻ ነው። ያልተማረው ሰው ከሊቅ ደጅ መጥናት፣ ገረዲቱ ከቄስ ፊት መቅላት አላስፈለጋቸውም። የደንተን ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስላል፤ በጠያቂውና በጥያቄው መካከል የቆመውን ሁሉ ከመንገድ አነሣው።

መላሾቹስ? ጋዜጣው «የአቴና ማኅበር» ይላቸዋል። በ1692 የታተመ ሥዕል ዐሥራ ሁለት ሊቃውንት ጠረጴዛ ከበው ሲመክሩ ያሳያል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሥራው በሦስት ሰዎች ጫንቃ ላይ ነበር፤ በደንተን፣ በሒሳብ ሊቁ በሪቻርድ ሶልትና በቄሱ በሳሙኤል ዌስሊ። ዌስሊ የሜቶዲስቶቹ መሥራች የጆን ዌስሊ አባት ነው፤ ከደንተን ጋርም እህትማማቾችን ያገቡ ናቸው። ፈላስፋው ጆን ኖሪስም አልፎ አልፎ ያግዛቸው ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት የገጠር ወይዘሮ፣ ሴቶችስ እንደ ወንዶች ጥያቄ መላክ አንችልም ወይ ብላ ጻፈች። ይቻላል፣ ለሁለቱም ጾታ እንመልሳለን አሏት። ከዚያ ወዲህ የሴቶቹ ጥያቄ እየበዛ ሲሄድ የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ለእነሱ ተለየ። ባል ሚስቱን መምታት ይፈቀድለታል? ሴት ልጅ ብትማር መልካም ነው? የጠፋ እሳት ወዴት ይሄዳል? ሁሉም በአንድ ጋዜጣ ላይ ይታተም ነበር።

መልሱ ግን ሁልጊዜ የሚያኮራ አልነበረም። ጥቁሮች በትንሣኤ ቀን ጥቁር ሆነው ይነሣሉ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ይነሣሉ፣ ጥቁረታቸውን ግን መቃብር ውስጥ ትተው ነው ብለው መልሰዋል። ያን ጊዜ የእንግሊዝ መርከቦች አፍሪካውያንን በባርነት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ያግዙ ነበር። ማንም እንዲጠይቅ በሩን የከፈተው ጋዜጣ፣ መላሾቹን ከዘመናቸው ክፉ እምነት አላወጣቸውም። ይህን ሳያነሡ ውለታውን ብቻ ማውራት አይገባም።

ጥያቄው እየጎረፈ ሲመጣ ሌላ ችግር ተከተለ፤ ተመልሶ ያለቀው ጥያቄ እንደገና ይላካል። አዘጋጆቹ እባካችሁ የቀደሙትን እትሞች አገላብጡ እያሉ ደጋግመው ቢለምኑም፣ ትናንት ጋዜጣውን ያልገዛ ሰው የትናንቱን መልስ ከየት ያመጣዋል? መፍትሔው ቅጠሎቹን በጥራዝ ሰብስቦ የጥያቄዎቹን ማውጫ ማያያዝ ነበር። የአንድ ሳምንት ወረቀት በዚህ መንገድ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ ሆነ።

ወጣቱ ጆናታን ስዊፍት በ1692 ማኅበሩን የሚያወድስ ግጥም ላከ፤ ለኅትመት የበቃው የመጀመሪያ ግጥሙ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ጸሐፊው ቶም ብራውን ተፎካካሪ የጥያቄና መልስ ጋዜጣ ይዞ ብቅ አለ፤ ብዙም አልቆየም። በ1695 የኅትመት ፈቃድ ሕጉ ሲያበቃ ግን አዳዲስ ጋዜጦች ለንደንን አጥለቀለቋት። «መርኩሪ» በ1696 ተቋረጠ፤ በ1697 ለጥቂት እትሞች ብቻ ተመልሶ ሰኔ ላይ ቆመ። ዳንኤል ዴፎ በ1704 በጀመረው «ሪቪው» የአንባቢ ጥያቄ መመለስ ሲይዝ፣ ደንተን ሐሳቤን ወሰደብኝ ብሎ አምርሮ ወቀሰው።

የተመረጡት ጥያቄዎችና መልሶች ከ1703 ጀምሮ «አቴኒያን ኦራክል» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። በጋዜጣው ዕድሜ ከተመለሱት ስድስት ሺህ ገደማ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ማን እንደጠየቃቸው ዛሬም አይታወቅም። የዚያች የገጠር ወይዘሮ ስምም እንዲሁ።